ንቅናቄ መስሎኝ ዳንስ ገባሁ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገርና ከዚያ እንደፈለጋችሁ ፍረዱኝ። እኔ መደነስ አልችልም። አልችልም ስል እንደ ሌላው ሰው ትሕትና ይዞኝ አይደለም። በሠርጌ ቀን ሚዜዬ ከኋላዬ ቆሞ ሁለት ትከሻዎቼን ይዞ ነው የነቀነቀልኝ። ቪዲዮው አለ። የባለቤቴ ዘመዶች ሰብሰብ ባሉ ቁጥር እሱን ይከፍቱና ይስቃሉ። የሚዜዬ እጆች ትከሻዬ ላይ ተፍ ተፍ ይላሉ፤ የእኔ ፊት ግን መርፌ ሊወጋ ተራ የሚጠብቅ ሕፃን ፊት ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ነው፣ አርባ ስምንት ዓመት ከሞላው በኋላ፣ ናይሮቢ ውስጥ፣ ካሳራኒ በሚባል ሰፈር፣ በጠራራ ፀሐይ ሕዝብ ፊት የደነሰው።

ነገሩ የመጣው በመንገድ ነው።

የምንኖረው ከቲካ ሮድ ገባ ብለው ከተደረደሩት የኪራይ ፎቆች ባንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ ፓርክላንድስ በሚገኝ የጭነት አስተላላፊ ቢሮ ደብዳቤና ሰነድ አዘጋጃለሁ፤ ባለቤቴ ትርሲት እዚያው ቤታችን የሐበሻ ቀሚስ ትሰፋለች። ከፎቆቹ ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ እስከሚያዝበት፣ እዚህ «ስቴጅ» እስከምንለው ቦታ ድረስ፣ ባዶ መሬት መካከል ለመካከል የምታልፍ አንዲት የእግር መንገድ ነበረች። ሰባት ደቂቃ ብትወስድ ነው። ተማሪው ይሄድባታል፣ የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ትመለስባታለች፣ ከደረጃችን ሥር አትክልት የምትሸጠው ማማ አቲዬኖ የጎመን ጆንያዋን ተሸክማ ትመጣባታለች። ስለዚህች መንገድ ቁጭ ብሎ ያሰበ ሰው ግን አልነበረም። እግር እንጂ ራስ የማይፈልግ ነገር ነበረች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስንወጣ መንገዷ የለችም። በቦታዋ ከሰው ቁመት ያለፈ አዲስ ቆርቆሮ ከዳር እስከ ዳር ቆሟል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያጥበረብራል። ሩንዳ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የሚኖር አንድ ባለሀብት መሬቱን ገዝቶ ፎቅ ሊሠራበት ነው ተባለ። ይሥራ፣ ማን ከለከለው! መንገዷ ግን በሰፈሩ ፕላን ላይ የሕዝብ መተላለፊያ ተብላ የተሰመረች ናት፤ ፕላኑን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስቴጅ ለመድረስ የድሮውን የድንጋይ ካባ ዞረን፣ ቦዩን ዘለን፣ ጫማ የሚያወልቅ ጥቁር ጭቃ አቋርጠን አርባ ደቂቃ መሄድ ሆነ ዕጣችን። መኪና የሚገባበት መንገድ ደግሞ በእግር ከዚያም ይረዝማል።

እንደማንኛውም ሰው ተናደድኩ። እንደማንኛውም ሰው ዞሬ ሄድኩ። ከማንኛውም ሰው የምለየው ደብዳቤ መጻፌ ነው። ለባለሀብቱ ቢሮ ስድስት ደብዳቤ ላክሁ፤ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ጨዋ ነበር። መልስ አልመጣም። ሁለተኛው ወር ሲጀምር፣ አንድ ዓርብ ከሥራ ስመለስ፣ እዚያው ቆርቆሮ ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። «ሙቭመንት ስለ መንገዳችን። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ በሰፈሩ አዳራሽ። ነዋሪ ሁሉ ይምጣ» ይላል።

እኔ ባደግኩበት ዘመን ሙቭመንት ማለት ንቅናቄ ነው። ንቅናቄ ካለ ደግሞ ሊቀመንበር አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ አጀንዳ አለ፣ መጨረሻው ላይ በጭብጨባ የሚጸድቅ የአቋም መግለጫ አለ። ቅዳሜ ግራጫ ሱፌን ለበስኩ፤ ክራቫት አሰርኩ፤ የስድስቱን ደብዳቤዎች ቅጂ በፋይል ያዝኩ። ለመክፈቻ የሚሆን የሦስት ገጽ ንግግርም አዘጋጀሁ። ትርሲት ኮሌታዬን እያስተካከለች፣

«ሊቀመንበር ሁን ቢሉህ እሺ እንዳትል። ጸሐፊነቱ ይበቃሃል» አለችኝ።

አዳራሹ ስገባ ወንበር የሚባል ነገር የለም። ሰባት ስምንት ወጣቶች በባዶ እግራቸው ወለሉ ላይ ተንጋለዋል፤ ከነሱ ጋር የሰፈራችን ሰዎች፣ ነርሷም ማማ አቲዬኖም ጭምር፣ ጫማቸውን አውልቀው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፀጉሯን ሙልጭ አድርጋ የተላጨች፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ቀጭን ሴት ወደ እኔ መጣች። ዋንጂሩ ትባላለች።

«ካሪቡ ምዜ! ጫማዎን እዚያ ያስቀምጡ» አለችኝ።

ካሪቡ እንኳን ደህና መጡ፣ ምዜ ደግሞ ሽማግሌ ማለት ነው። ክብር ነው ይሉኛል። ክብሩ እስካሁን አልተሰማኝም። ጫማዬን ሳወልቅ አውራ ጣቴ ካልሲዬን ቀዶ ወጥቶ ስብሰባውን ይታዘብ ጀመር። ፋይሌን ደረቴ ላይ አቅፌ፣

«አጀንዳው የሚጸድቀው መቼ ነው?» አልኩ።

«አጀንዳው ሰውነትዎ ነው። ይተኙ።»

ተኛሁ። ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ ተኝቶ ብቻዬን በክራቫት ልቁም? ዋንጂሩ በመካከላችን እየተንቀሳቀሰች «መሬቱን በጀርባችሁ አዳምጡት» ትላለች። አዳመጥኩት። መሬቱ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሳምንቱ ደግሞ ከባድ ነበርና እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ አዳራሹ በሙሉ በእኔ ማንኮራፋት ልክ ይተነፍሳል። «ይህን ትንፋሽ እንዳትለቁት፣ መክፈቻችን ይሆናል» ትላቸዋለች ዋንጂሩ። እኔ ያዘጋጀሁት የሦስት ገጽ መክፈቻ ፋይሉ ውስጥ ቀረ።

ቀስ በቀስ ነገሩ ገባኝ። ለካ የዘመናዊ ዳንስ ቡድን ናቸው። መድረክ ላይ አይወጡም፤ አንድ ሰፈር ውስጥ በደል ሲደርስ እዚያው ሰፈር ይሄዱና ነዋሪውን ይሰበስባሉ። ነዋሪው ያን በደል በእግሩና በወገቡ እንዴት እንደሚሸከመው ያዩና ከሱው ጋር ዳንስ ይሠሩለታል። ከዚያ በደሉ በተፈጸመበት ቦታ ላይ ቆመው ያሳዩታል። ዋንጂሩ ራሷ እዚሁ ካሳራኒ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ በዚያች መንገድ ነው ትምህርት ቤት የሄደችው።

«ኢትዮጵያዊ ነዎት አይደል? እስቲ ትከሻውን ያሳዩን!» አለችኝ ሊያልቅ ሲል።

ናይሮቢ ውስጥ ሐበሻ ሁሉ ወይ ይሮጣል ወይ ትከሻውን ይነቀንቃል ተብሎ ይታመናል። ስሮጥ ማታቱ ሲያመልጠኝ የሚያዩኝ ጎረቤቶቼ የመጀመሪያውን እምነት ትተውታል። ሁለተኛው ያን ዕለት ቀረ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ያለኝን ሁሉ ትከሻዬ ላይ ጣልኩ። ከዳንሰኞቹ አንዷ ጠጋ ብላ በሐዘኔታ፣

«ምዜ፣ በረደዎት?» አለችኝ።

ቤት ስገባ ትርሲት በር ላይ ጠበቀችኝ። «እህስ፣ ምን አደረጉህ?»

«ኮሚቴ ገብቻለሁ።»

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። ደስ አላት፤ ወዲያው እናቷ ጋ አዲስ አበባ ደውላ ነገረች። ስልኩን ስትዘጋ እኔ ከውሸቴ መመለሻ አልነበረኝም።

እንዲያም ሆኖ በሁለተኛው ቅዳሜ እሄዳለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። የሄድኩት ፋይሌን ረስቼ ስለመጣሁ ነው። ስገባ ነዋሪዎቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ እያንዳንዱ በተራው መካከል እየገባ አዲሱን ዙሪያ መንገድ እንዴት እንደሚሄደው ያለ ቃል ያሳያል። የማማ አቲዬኖ ተራ ደረሰ። አምሳ ዓመት ያለፋት፣ አጥንተ ሰፊ፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ገብታ ቆመች። አንድ እጇን ወደ ራሷ አነሳች፤ ጆንያው እዚያ መሆኑ ነው። በሌላው እጇ ቀሚሷን ከጭቃው ሰበሰበች። ካባው ጋ ያለው ቁልቁለት ስትደርስ ዞር አለችና፣ ሕፃን ከአልጋ እንደሚወርድ፣ በጀርባዋ እግሯን እየሰደደች መውረድ ጀመረች። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ግማሽ ላይ ስትደርስ በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ያ ጆንያ የያዘው እጅ ብቻውን አየር ላይ ቀረ። እንደዚያው ሆና ብዙ ቆየች። ሳቁም ጠፋ።

«እዚህ ጋ ነው የወደቅኩት» አለች በስዋሂሊ፣ ተነሥታ ቀሚሷን እያራገፈች።

ሦስት ሳምንት ጠፍታ ነበር። በነዚያ ሦስት ሳምንታት እኔ ለትርሲት «ይህቺ ሴትዮ ሰነፈች መሰለኝ፣ ጎመን ከሌላ ግዢ» ብያት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ከእጇ ጎመን ስገዛ አንድ ቀን እንኳ በየት በኩል ነው የምትመጪው ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ፋይሌን አነሳሁ፤ ከፈትኩት፤ ስድስቱን ደብዳቤዎች አየኋቸው። አንዳቸውም ውስጥ አልነበረችም። ፋይሉን መልሼ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩና ጫማዬን አወለቅኩ። ይህ ነገር እንደምንም ይፈጸማል፣ እኔም አለሁበት አልኩ።

መወሰን ቀላል ነው። መውደቅ ነው የሚከብደው። የእኔ ድርሻ መውደቅና መነሣት፣ ደግሞ መውደቅና መነሣት ነበር። ዋንጂሩ «እንደ ውሃ ይፍሰሱ ምዜ» ትለኛለች፤ እኔ ግን እንደ ቁምሳጥን ነው የምወድቀው። ቤት ውስጥ ትርሲት ለገበያ ስትወጣ ጠብቄ ኮሪደሩ ላይ ስለማመድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣራውን ይነርተዋል። በኋላ ልምምዱን ወደ ውጭ አወጣነው፤ እዚያው ዙሪያ መንገድ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ።

ያኔ ነው እትዬ አስካለ ያየችኝ።

እትዬ አስካለ የቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናት። ካሳራኒ ክርስትና ተጠርታ ስትመጣ በማታቱ መስኮት አሻግራ ብታይ፣ እኔ ጭቃ ላይ ተዘርሬያለሁ። ተነሣሁ። ወደቅኩ። ማታቱው ተሳፋሪ እስኪሞላ ቆሞ ስለነበር በደንብ አይታኛለች። የዚያን ዕለት ጭቃዬን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ስደርስ ቤታችን ውስጥ ሦስት ነጠላ የለበሱ ሴቶች ቆመዋል፤ መሐል ላይ አንድ ጀሪካን አለ። «በስመ አብ» የሚል ድምፅ ሰማሁ እንጂ ሌላ አልሰማሁም፤ ጠበሉ ፊቴ ላይ አረፈ።

«ኧረ እትዬ አስካለ፣ ምን ሆኛለሁ?» አልኩ አፌን እየጠረግኩ።

«እሱን አንተ ንገረን። ወድቀህ አየሁህ። ተነሣህ። ደግሞ ጣለህ። አራት ጊዜ ቆጥሬያለሁ፣ ልጄ።»

«ማንም አልጣለኝም። በፈቃዴ ነው የወደቅኩት። ልምምድ ላይ ነበርኩ።»

«የምን ልምምድ?»

ትርሲትን አየኋት። የልብስ ስፌት መኪናዋን ተደግፋ፣ ዓይኗ ቀልቶ ታየኛለች። ከዚያ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም።

«የዳንስ።»

ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። በመጨረሻ እትዬ አስካለ ክዳኑን እያጠበቀች፣

«ሰይጣን ነው ብትለን ይሻል ነበር። እሱስ ይወጣል» አለች።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ትርሲት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ኮሚቴው በሙሉ ነው የሚደንሰው?»

«ኮሚቴ የለም፣ ትርሲትዬ።»

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችኝም። ጭቃ የጠጣ ሱሪዬን ሳታጥብ፣ ደረጃ ለሚወጣው ሁሉ እንዲታይ አድርጋ በረንዳው ላይ ሰቀለችው። በመንገዱ ነገር ከእኔ ባልተናነሰ እንደምትናደድ አውቃለሁ፤ በዚያ ጭቃ የጨርቅ ጥቅል ተሸክማ ስትንገላታ ኖራለች። ያናደዳት መደነሴ አልነበረም። ውሸቴን አምና እናቷ ጋ ደውላ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የስፌት መኪናውን ታስነሳለች። ቢሆንም ቅዳሜ አይቀርም ነበርና ወጣሁ። «እየሄድኩ ነው» አልኩ ለበሩ። በሩም አልመለሰልኝም።

ትርኢቱ አራት ሰዓት ጠዋት ላይ ነበር፣ ፎቆቹ በኩል ባለው የአጥሩ በር ፊት ለፊት። መኪና ወደ ግንባታው የሚገባው በዚያ ነው። ሕዝብ ከየበረንዳው አፍጥጧል። እኛ ሃያ የምንሆን ሰዎች፣ ዳንሰኛውም ነዋሪውም፣ የድሮዋ መንገድ ትነሣበት ከነበረው ቦታ ጀምሮ በተርታ ወደቅን፤ አካላችን የመንገዷን መስመር እንዲሠራ ነው። ከዚያ ዋንጂሩ በተርታ እየመጣች ትከሻችንን ስትነካን አንድ በአንድ እየተነሣን የየራሳችንን አካሄድ እንሄዳለን። የመጨረሻው ተኚ እኔ ነኝ፤ ልክ በሩ አፍ ላይ። «እስክነካዎት ዓይንዎን እንዳይከፍቱ» ብላኛለች። እኔ ደግሞ መመሪያ አክባሪ ሰው ነኝ።

ተኛሁ። ከበሮው ጀመረ። እግሮች በጆሮዬ አጠገብ ያልፋሉ። ከዚያ ከርቀት የከባድ ሞተር ድምፅ መጣ። ጎሽ፣ አልኩ በልቤ፣ ሙዚቃውን አሳድገውታል። ሞተሩ ቀረበ። መሬቱ ጀርባዬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ይሄኔ ነው መሬትን በጀርባ ማዳመጥ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። ጡሩምባ ተነፋ፣ ረጅም። ሰው ጮኸ። ይህን ሁሉ ነው የደበቁኝ እያልኩ አደነቅኩ። ከዚያ ፊቴ ላይ የናፍጣ ትኩሳት ተሰማኝ፤ ዓይኔን ገለጥኩ።

ከአፍንጫዬ በላይ የሎሪ መከላከያ ብረት አለ። ድንጋይ የጫነ ሎሪ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ጥግ ይዘዋል፤ ዋንጂሩ ከግንባታው ኃላፊ ጋር አፍ ለአፍ ገጥማ ትሟገታለች፤ እኔን የነካኝ የለም። ብድግ ልል ስሞክር ወገቤ ቀጭ አለ። ደገምኩ፤ ቀጭ አለ። ከአንገቴ በታች የእኔ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ምዜ ሀአምኪ!» ብሎ አንዱ ከበረንዳ ጮኸ። ሽማግሌው አይነሣም ማለቱ ነው። ሌላው ተቀበለው። ወዲያው ፎቁ በሙሉ «ሀአምኪ! ሀአምኪ!» ይል ጀመር። ሎሪው ከኋላው የቤት መኪና፣ ከቤት መኪናው ኋላ ታክሲ፣ ከታክሲው ኋላ የውሃ ቦቴ ተደረደሩበትና ወደ ኋላ መመለሻ አጣ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ አየኝ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ከማማ አቲዬኖ ሙዝ ገዝቶ ጎማው ላይ ተደግፎ መብላት ጀመረ። ማማ አቲዬኖ ደግሞ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ጎንበስ ብላ፣

«እውነቱን ንገረኝ። ወገብህ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ጥሩ። ለማንም እንዳትናገር።»

ምን ያህል እንደተኛሁ አላውቅም። የግንባታው ኃላፊ መጀመሪያ ለመነኝ፣ ቀጥሎ ተቆጣኝ፣ በመጨረሻ ጃንጥላ ይዞልኝ ቆመ፤ ፀሐይ መትቶኝ አንድ ነገር ብሆን የሚጠየቀው እሱ ነው። ከዚያ በሆነ ሰዓት ላይ ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ተፈታ። ጣቶቼን አንቀሳቀስኩ፤ ተንቀሳቀሱ። ጉልበቴን አጠፍኩ፤ ታጠፈ። መነሣት እችላለሁ! ደስ ብሎኝ ልነሣ አልኩና ዓይኔ ከማማ አቲዬኖ ዓይን ጋር ተገጣጠመ። ያወቀችብኝ ይመስለኛል። ጉልበቷን ብቻ በእጇ ታሻለች፣ ያን የወደቀችበትን። ጉልበቴን ዘረጋሁት።

ትርሲት የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። ለካ አንዱ ጎረቤት ሮጦ «ባልሽ ሎሪ ሥር ነው» ብሏታል። በቤት ነጠላ ጫማ፣ የስፌት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ሰውን እየገፈተረች መጣች። ስታየኝ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«አልሞትኩም» አልኳት ቶሎ ብዬ።

«አልሞትክም?» ትንፋሿ ተቆራረጠ። «ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ተጎድተሃል?»

«አልተጎዳሁም።»

«መነሣት ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«እኮ ተነሣ!»

«ቆርቆሮው ሳይነሣ እኔ አልነሣም።»

አሥራ ሰባት ዓመት በትዳር ስንኖር አልነሣም ያልኳት እሑድ እሑድ ጠዋት ብቻ ነው። ረዘም አድርጋ አየችኝ። ቀጥላ ቆርቆሮውን አየች፣ ከዳር እስከ ዳር። ሜትሯን ከአንገቷ አወጣች፤ ጠቀለለችው፤ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ወደ ግንባታው ኃላፊ ዞረችና በአማርኛ ጀመረችው። የጭቃውን፣ የጨርቁን፣ የነርሷን፣ የተማሪዎቹን፣ የሁለቱን ወር ሁሉ አንድ ሳታስቀር ዘረገፈችበት። አንድም ቃል አልገባውም፤ ግን «ንዲዮ ማማ፣ ንዲዮ ማማ» ይላል፤ አዎ ማለቱ ነው። መጨረሻ ላይ ወደ ስዋሂሊ ገባች። «አለቃህን ጥራው። አሁን!»

አለቃው ለካ በመንገድ ላይ ነበር። ፎቁን ገና በወረቀት ለሚሸጥላቸው ሁለት ደንበኞች ቦታውን ሊያሳይ ከሩንዳ እየመጣ ነው። መኪና መግቢያው በራሱ ሎሪ ተዘግቷል። ስቴጅ ላይ መኪናውን አቁሞ በእግሩ እንዳይመጣ፣ በዚያ በኩል የራሱ ቆርቆሮ አለ። ኃላፊው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «ቦስ፣ ሌላ መንገድ የለም። በካባው መዞር ነው ያለዎት» ሲል ሁላችንም ሰማነው። ከዚያ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቁ ከበረንዳ በረንዳ እየተቀጣጠለ ሄደ።

አርባ ደቂቃ ጠበቅነው። ከካባው ብቅ ሲል ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጥቁር ነው፤ አንድ ጫማውን በእጁ ይዟል። ደንበኞቹ ራቅ ብለው ከኋላ ይከተሉታል፤ የፎቁ ነገር ከልባቸው እንደወጣ ፊታቸው ይናገራል። ሰውየው እያለከለከ መጣና ከላዬ ቆመ።

«ምንድን ነው የምትፈልጉት?»

ዋንጂሩ ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ትርሲት ቀደመቻት። «እርስዎ አሁን የመጡበትን እኛ በየቀኑ ነው የምንመጣው። አሁን ደግሞ በዚያው ይመለሱ።»

ወደ ካባው ዞር ብሎ አየ። ወደ ጫማው አየ። ቆርቆሮው ማዶ፣ ሰባት ደቂቃ ርቀት ላይ፣ መኪናው ቆማለች። ስለ ፕላንና ስለ ፍትሕ ብዙ ያሰበ አይመስለኝም። ለኃላፊው «እዚህ ጋ አንዱን ንቀል። በወዲያ በኩልም አንዱን» አለው።

መዶሻው ሲያርፍ ቆርቆሮው ጮኸ። የመጀመሪያው ወረደ፤ በክፍተቱ የድሮዋ መንገድ ታየች፤ ሣር ጀምሯታል። ወዲያ ማዶ ሁለተኛው ወደቀ። ባለሀብቱ ጫማውን እንደያዘ ገባ። ማማ አቲዬኖ ከአጠገቤ ተነሥታ ቅርጫቷን ራሷ ላይ አደረገችና ከኋላው ተከተለችው። ነርሷ ተከተለች። ዳንሰኞቹ ተከተሉ፤ ከበሮው ተከተለ፤ የሎሪው ሾፌር ሳይቀር ምን እንዳለ ሊያይ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኃላፊው ቆርቆሮዎቹን ሊመልስ ሁለት ጊዜ ሞክሯል፤ ሁለቱንም ጊዜ ክፍተቱ ውስጥ ሰው ተኝቶ አግኝቶ ተመልሷል። ፎቁ በጎን እየተሠራ ነው። እኛም በመካከል እናልፋለን።

በማግስቱ እሑድ ነጭ በነጭ ለብሰን ለቅዳሴ ወጣን። እኔ በትርሲት ክንድ ተደግፌያለሁ። ክፍተቱ ጋ ስንደርስ ቆመች።

«የቱ ጋ ነው የተኛኸው?»

አሳየኋት። ጎንበስ ብላ መሬቱን ዳበሰች፤ አፈሩ ውስጥ ግማሹ የተቀበረ፣ እንቁላል የሚያህል ሹል ድንጋይ አገኘች።

«እዚህ ላይ ነው?»

«እዚያው ላይ።»

«እንግዲያ ወገብህ ተይዞ ነው ያልተነሣኸው» አለች፣ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን እያየች።

ከእንግዲህ ልዋሻት አልፈለግኩም። «መጀመሪያ ላይ፣ አዎ» አልኩ።

«በኋላስ?»

«በኋላ እንኳ ለቆኝ ነበር።»

ድንጋዩን በእጇ ትንሽ አገላበጠችው። ከዚያ መንገዱ ዳር፣ እግር የማይደርስበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው፤ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ክንዴን መልሳ ያዘችኝ። ሰባት ደቂቃ ሄድን። ስቴጅ ስንደርስ በጣም ማልደን ስለነበር ማታቱ ገና አልመጣም፤ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን።